ሃያ ሁለት ቤት ወክዬ ስለሰጠሁት ናሙና

የምስክርነት ቃል (ቀደም ሲል የተሰጠውን ቃል ለማረም የቀረበ)

የምስክሩ ስም፦ ምንይሉ ስማቸው ገብሬ
ዕድሜ፦ 63 ዓመት
ሥራ፦ ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በጡረታ የተገለለ፤ የመንደሩ መረዳጃ እድር ሰብሳቢ
አድራሻ፦ ኮምቦልቻ ከተማ፣ ከቦርከና ወንዝ ማዶ፣ እርጎ ቤቱ ካለበት መንደር
ቃሉ የተሰጠበት ቀንና ሰዓት፦ የካቲት 10 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 3፡40
ቃሉን የተቀበለው፦ ሳጅን ሙንዚር ሀፊዝ
ጉዳዩ፦ ተጠርጣሪ ወ/ሮ ጣይባ ሙሄዲን፣ የተበከለ ምግብ በመሸጥና እሽግ በመቅደድ

እኔ ስሜና አድራሻዬ ከላይ የተጠቀሰው ግለሰብ ጥር 30 ቀን 2017 ዓ.ም. በዚሁ ጣቢያ ቀርቤ በጉዳዩ ላይ ቃሌን ሰጥቼ ነበር። ያን ዕለት “የማውቀው ነገር የለም” ብዬ አስጽፌ የፈረምኩት ትክክል ስላልሆነ፣ ዛሬ ማንም ሳይጠራኝ በራሴ እግር መጥቼ እንዲታረምልኝ ጠይቄያለሁ። የማውቀው ነገር አለ። እንዲያውም በዚህ ጉዳይ ከእኔ በላይ የሚያውቅ ሰው የለም። ወ/ሮ ጣይባ የተጠረጠረችበትን ነገር አልፈጸመችም፤ ለዚህ ሁሉ ጣጣ ምክንያቱ እኔ ነኝ። ሳጅን ሙንዚር በአጭሩ እንድናገር ቢያሳስቡኝም፣ ነገሩ በአጭሩ ከተነገረ የባሰ እንደሚያሳፍር ገልጬላቸው ከመጀመሪያው እንድጀምር ፈቅደውልኛል።

እኔ የምሰበስበው እድር ሃያ ሦስት አባወራና እማወራ ያሉት ሲሆን፣ ክርስቲያኑም እስላሙም በአንድ ድንኳን የሚረዳዳበት ነው። በሰበሰብኩባቸው አሥራ አንድ ዓመታት ከንብረቱ አንድ ካስማ እንኳ አልጠፋም። በእድራችን አንድ የቆየ ልማድ አለ። አባል ከቀብር ወይም ከድንኳን ተከላ ቢቀር ጎረቤቱ ስለ እሱ ይቆማል። ስሙ ሲጠራ “አለ” ይልለታል፣ የእሱን ድርሻ አፈር ይመልሳል፣ የእሱን አግዳሚ ወንበር ይሸከማል። ይህን ውሸት ነው ያለ ሰው እስከ ዛሬ አልሰማሁም። ሳጅኑ ይህ ከጉዳዩ ጋር ምን ያገናኘዋል ብለው ጠይቀውኝ፣ ጉዳዩ ራሱ ይኸው እንደሆነ መልሻለሁ።

ጥር 4 ቀን፣ እሑድ፣ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ በእድሩ ስብሰባ ላይ ወ/ሪት ጽናት ብሩ የምትባል ተመራማሪ ከደሴ መጥታ ተገኘች። የምትሠራው ደሴ በሚገኝ አንድ የምርምር ላቦራቶሪ ሲሆን፣ የምታጠናው በሽታ አምጪ ተህዋስያን መድኃኒትን እንዴት እንደሚላመዱ ነው። እንደነገረችን፣ ሰው ያለ ሐኪም ትእዛዝ መድኃኒት ሲውጥ ወይም ጀምሮ ሲተው፣ በሆዱ ካሉት ጀርሞች ደካማዎቹ ይሞታሉ፤ ብርቱዎቹ ይተርፉና ይራባሉ። እነዚያ አንድ ቀን ደም ውስጥ ወይም ቁስል ውስጥ ሲገቡ መድኃኒቱ ቢሰጥም አይሠራም። ልጅቷ ስትናገር ታሳምናለች። እኔም ራሴን ስነቀንቅ ቆየሁ። የነቀነቅሁት ግን ስለ ሌሎች ሰዎች የምታወራ መስሎኝ ነው።

ንግግሯን ስትጨርስ መምህር ወንድምአገኘሁ የተባለው አባላችን “በምን እንርዳሽ?” ብሎ ጠየቃት። እሷም ክዳን ያላቸው ሃያ ሦስት ትንንሽ የላስቲክ ዕቃዎች ከቦርሳዋ አውጥታ፣ በእያንዳንዱ ላይ የአባሉን ስም ጽፋ አደለችን። ወ/ሮ ቡዜ የተባሉት አዛውንት ዕቃዋን እያገላበጡ “ምን ልናደርግበት ነው ልጄ?” ሲሉ፣ ጽናት ሳትሽኮረመም በግልጽ ነገረቻቸው። ወ/ሮ ቡዜ ነጠላቸውን እስከ ዓይናቸው ሳቡ። ሰው ሁሉ መሬት መሬት ያይ ጀመር። እንግዳ ሰው ከደሴ ድረስ በሐረጎ ጠመዝማዛ መንገድ ወርዳ መጥታ እንዲህ ስትሆን ማየት ስላልቻልኩ፣ ከመቀመጫዬ ተነሥቼ “የእኛ እድር እንግዳ ባዶ እጁን ሰድዶ አያውቅም፤ ነገ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ሃያ ሦስቱንም ከእኔ ቤት ትወስጃለሽ” በማለት ቃል ገባሁ። ቤቱ አጨበጨበ። ያጨበጨቡት ጉዳዩ ወደ እኔ ስለዞረላቸው እንደሆነ የገባኝ በማግስቱ ነው።

ጥር 5 ቀን፣ ሰኞ፣ ጽናት የተወችልኝን አይስ ቦክስ ከደጄ አግዳሚ አጠገብ አድርጌ ከንጋቱ 12 ሰዓት ጀምሮ ተቀመጥኩ። 12፡20 ሲሆን ወ/ሮ ጣይባ ሙሄዲን መጣች። ጣይባ ከቤቴ ሦስተኛው በር ላይ እርጎ ቤት ያላት፣ ወተቷን ከደጋን ከተማ የምታስመጣ፣ ባለቤቷ ከሞተ ወዲህ ሳሚያ የምትባለውን ልጇን በዚሁ እርጎ ደሴ የምታስተምር ሴት ናት። ዕቃዋን በጥቁር ፌስታል ጠቅልላ አምጥታ ራሷ ሳጥኑ ውስጥ አስቀመጠች፤ ከዚያም እጇን በሳሙና ታጥባ “ሌላው እስኪመጣ ላጫውትዎ” ብላ ከአጠገቤ ተቀመጠች። ከእሷ ሌላ ግን ናሙና ይዞ የመጣ የለም። ስልክ ነው የመጣው። መምህር ወንድምአገኘሁ ደውሎ “ጋሼ፣ ዛሬ አልሆነልኝም፤ እንደ ልማዳችን ስለ እኔ ቁሙልኝ” አለኝ። ሌሎቹም ተራ በተራ ይህንኑ አሉኝ። አንዳንዱ ጾም ነኝ አለ፣ አንዳንዱ ሌሊት ተነሥቼ መንገድ እየወጣሁ ነው አለ። ስማቸው የተጻፈባቸውን ባዶ ዕቃዎች ግን በልጆቻቸው እጅ ላኩልኝ። እያንዳንዱ የቀረው እሱ ብቻ እየመሰለው ሃያ ሰው ቀረ።

ከሁሉ የከፋው የወ/ሮ ቡዜ ነው። እሳቸው በአካል መጡ። ዕቃዋን አጥበው፣ አድርቀው፣ ሽምብራ ቆሎ ሞልተውባት አመጡ። ምነው ብላቸው “የሰው ዕቃ ባዶውን እንዴት ይመለሳል? ያን ነገር ግን በዚህ ዕድሜዬ በመንገድ ይዤ አልሄድም” አሉኝ። ጣይባ አፏን በሻርፕዋ ይዛ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች። ከዚያ 1፡30 ሲሆን ሱቅ ልክፈት ብላ ሄደች። እኔም ከአንድ ዕቃ ናሙና፣ ከአንድ ዕቃ ቆሎና ከባዶዎቹ ዕቃዎች ጋር ብቻዬን ቀረሁ።

ቀጥሎ ያደረግሁትን ሳጅኑ በጥንቃቄ እንዲጽፉት ጠይቄያለሁ። ጽናት ልትመጣ ግማሽ ሰዓት ቀርቷታል። ቃል የገባሁት በቤቱ ፊት ነው። ሃያ ሰው ደግሞ ስለ እኛ ቁሙ ብሎኛል። ዕለቱም በእኔ በኩል ምንም ችግር ያልነበረበት፣ መጠኑም ከበቂ በላይ የሆነበት ዕለት ነበር። በመሆኑም ወደ ጓሮ ገብቼ፣ ከራሴ የተገኘውን ናሙና በአንድ ማንኪያ ለሃያ ሁለቱም ዕቃዎች አከፋፈልኩ። ማንኪያው ወዲያውኑ ተጥሏል። ክፍፍሉን ያለ አድልዎ ነው የፈጸምኩት። ቤተሰብ ለበዛበት ከፍ፣ ብቻውን ለሚኖር ዝቅ አድርጌያለሁ፤ ለወ/ሮ ቡዜ አቅመ ደካማ ስለሆኑ ትንሽ ብቻ አደረግሁ። ከሃያ ሁለቱ አንዱ በሕጋዊ መንገድ የራሴ ስለሆነ ጥፋቱ በሃያ አንዱ ላይ ብቻ መሆኑ እንዲመዘገብልኝ እፈልጋለሁ።

ከዕቃዎቹ ጋር የተሰጠ የመጠይቅ ወረቀትም ነበር። “ባለፉት ሦስት ወራት ያለ ሐኪም ትእዛዝ መድኃኒት ወስደዋል?” ለሚለው ለሁሉም “የለም” ብዬ ሞላሁ። የሰው ገመና አላወጣም ብዬ ነው። ለራሴም “የለም” አልኩ። ይህ እውነት አይደለም። እኔ ከፋብሪካ ጊዜዬ ጀምሮ ከኮቴ ኪስ የፀረ ተህዋስያን ካፕሱል ጠፍቶ አያውቅም። ጉንፋን ሲጀማምረኝ ሁለት እውጣለሁ፤ ሲሻለኝ እተዋለሁ። ሆዴ ሲነፋ አንድ እውጣለሁ። መላጫ ሲቆርጠኝ ከፍቼ ዱቄቱን እነሰንስበታለሁ። ሳጅኑ ስንት ዓመት ነው ብለው ሲጠይቁኝ ሠላሳ ሲደመር ብያለሁ።

ልክ 2 ሰዓት ላይ ጽናት መጥታ ሳጥኑን ስትከፍት ሃያ ሦስት ዕቃ ሞልቶ አገኘች። በሌሎች መንደሮች ግማሹን እንኳ እንዳላገኘች ነግራኝ ዓይኗ እንባ አቀረረ። “ጋሽ ምንይሉ፣ እንደ እርስዎ ያለ ሰብሳቢ አላየሁም” አለችኝ። ከሳጥኑ ጋርም ፎቶ አነሣችኝ። ያን ፎቶ እስከ ትናንት ስልኬ ላይ ሳየው ነበር። ዛሬ ጠዋት አጥፍቼዋለሁ።

ጥር 26 ቀን፣ ሰኞ፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ ጽናት ከሁለት የምግብ ቁጥጥር ባለሙያዎች ጋር ተመልሳ መጣች። ፊቷ ነጥቶ ነበር። የእድሩ አባላት ተሰብስበው እንደነገረችን፣ ከሃያ ሦስቱ ናሙናዎች በሃያ ሁለቱ ውስጥ ፍጹም አንድ ዓይነት ባክቴሪያ ተገኝቷል። ከተሞከሩበት ስምንት መድኃኒቶች ስድስቱ አይነኩትም። ስህተት መስሏት ሁለት ጊዜ ደግማ ሠርታዋለች። በሥራዋ ዘመን ሃያ ሁለት ቤት እንዲህ በአንድ ጀርም ሲያዝ አይታም ሰምታም አታውቅም። እኔ መጀመሪያ ስሰማ፣ ሳጅኑ እንዳይስቁብኝ እንጂ፣ መንደራችን አንደኛ የወጣ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር። “ከአንድ ምንጭ የመጣ ነገር ነው” ስትል ግን ነገሩ ገባኝ። ምንጩ ከፊት ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር።

ባለሙያዎቹ ሃያ ሁለቱ ቤቶች በጋራ የሚበሉት ምን እንደሆነ ጠየቁ። መልሱን ለመስጠት ማንም አልዘገየም። ለአራስም፣ ለታማሚም፣ ለሐዘን ቤትም እርጎ የምትልከው ጣይባ ናት። ቀጥሎም ሃያ ሦስተኛዋ፣ ጀርሙ ያልተገኘባት ሰው ማን እንደሆነች ከዝርዝሩ ተነበበ። ጣይባ ሙሄዲን። ቤቱ ተንጫጫ። መምህር ወንድምአገኘሁ ብድግ ብሎ “እሷማ የምትሸጠውን አትበላውም ማለት ነው! ታውቀዋለች ማለት ነው!” አለ። በጠቅላላው እድር የራሷን ናሙና በእጇ ያመጣች አንዲት ሴት ብትኖር እሷ ናት፤ በዚህም ምክንያት ተጠረጠረች። እኔም ይህን እያየሁ ዝም አልኩ። ሳጅኑ ለምን ዝም አሉ ብለው ጠይቀውኛል። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ስለ ማንኪያው መናገር አልቻልኩም።

በማግስቱ ጥር 27 ቀን እርጎ ቤቱ ታሸገ። ከዚያች ዕለት ጀምሮ የመንደሩ ሰው በሙሉ ሆዱን ያዘ። መምህር ወንድምአገኘሁ ምንም ናሙና እንዳልሰጠ እያወቀ ውጤቱን ሰምቶ አልጋ ላይ ወደቀ። ልጠይቀው ብሄድ እጄን ይዞ “ጋሼ፣ እኔ ያን ቀን አልሰጠሁም ነበር፤ ግን ሃያ አንዱ ከታመመ እኔ እንዴት እተርፋለሁ?” አለኝ። ወ/ሮ ቡዜም እርጎው ካለፈው ግንቦት ጀምሮ ሲያቃጥላቸው እንደነበር ያስታውሱ ጀመር። አሥራ አምስት ዓመት ከእጇ የበላ ሰው ጣይባን ሲያይ መንገድ ቀየረ። ባለሙያዎቹም እስከ የካቲት 12 ቀን ድረስ ከምንጭነት ነጻ የሚያደርጋት ማስረጃ ካልቀረበ የንግድ ፈቃዷ እንደሚሰረዝ በጽሑፍ ሰጧት።

ጥር 29 ቀን፣ ሐሙስ፣ ጣይባ የበሩን እሽግ ቀድዳ ገባች። ይህን አልካደችም፤ እኔም አልክድላትም። ውስጥ አርባ ሊትር ወተት ከነጀሪካኑ ነበር። ሽታው መንገድ ድረስ ወጥቶ አላፊ አግዳሚው አፍንጫውን ይዞ “ይኸው፣ አላልናችሁም?” እያለ ነበር። እሷም ገብታ ወተቱን ደፋች፣ ወለሉን አጠበች፣ በሩን መልሳ ዘጋች፤ የተቀደደውንም ወረቀት በሊጥ ለጠፈችው። በዚህ ተይዛ ወደ ጣቢያ መጣች። ዋስ ሆኜ ያስፈታኋት እኔ ነኝ። “አላህ ይስጥዎ ጋሽ ምንይሉ፣ በዚህ ቀን የቆሙልኝ እርስዎ ብቻ ነዎት” ስትለኝ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስታዬ ነበር።

ጥር 30 ቀን ለምስክርነት ስንጠራ እኔ መጨረሻ ነበርኩ። ከእኔ በፊት የገቡት ሁሉ ናሙናውን በገዛ እጃቸው እንዳስረከቡኝ አስመዝግበዋል። ወጥተውም ወደ ጆሮዬ እየተጠጉ “አልጎዳሁዎትም” አሉኝ። ለእኔ መቆማቸው ነው። እኔ ገብቼ እውነቱን ብናገር የእድሬን ሰው በሙሉ በሐሰት ምስክርነት ላስከስስ ነው ብዬ ፈራሁ። ይህ ለራሴ የሰጠሁት ሰበብ ነው። ዋናው ግን ማፈሬ ነው። ስለዚህ የማውቀው የለም ብዬ ፈረምኩ።

ይህን ከፈረምኩ በኋላ እንቅልፍ አጣሁ። የካቲት 6 ቀን፣ ሐሙስ፣ ለጽናት እነግራታለሁ ብዬ በሚኒባስ ወደ ደሴ ወጣሁ። ብርዱን ረስቼ ያለ ጋቢ ነው የሄድኩት። ፒያሳ ከአንድ ኬክ ቤት ተገናኘን። ገና ሳልቀመጥ የምርምሯን ውጤት አዲስ አበባ ላይ ለትልልቅ ሰዎች እንድታቀርብ መጋበዟን ነገረችኝ። “የእርስዎ እድር ነው ለዚህ ያበቃኝ” አለች። ኬክ አዘዘችልኝ። እነዚህ ጀርሞች እንዴት እርስ በርሳቸው የመላመጃ ዘዴ እንደሚቀባበሉ፣ አንዱ ሌላውን እንዴት እንደሚያስተምር ናፕኪን ላይ ሥላ አሳየችኝ። እኔም ኬኩን በልቼ፣ ለመንደሩ የላከችውን አንድ ካርቶን ሳሙና ተሸክሜ፣ ምንም ሳልናገር ወደ ኮምቦልቻ ተመለስኩ። መንገድ ላይ ያመመኝ ኬኩ ይሁን ሌላ አላወቅሁም። እንደ ልማዴ እጄን ኪሴ ከተትኩ፤ ካፕሱሉ እጄ ገባ። መዳፌ ላይ አድርጌ ሳየው ቆየሁና ሳልውጠው መለስኩት።

ትናንት የካቲት 9 ቀን፣ እሑድ፣ ከቅዳሴ ስመለስ በጣይባ በር ላይ አንድ ጋሪ ቆሞ አየሁ። ባለሙያዎቹ ዕቃዋን እንድታወጣ እሽጉን ለሁለት ቀን አንሥተውላት፣ ሁለት ሰዎች የሸጠችውን ማቀዝቀዣ እያወጡ ነበር። ልጇ ሳሚያ ከደሴ ትምህርቷን ጥላ መጥታ በሩን ይዛላቸዋለች። ጣይባ “በቀስታ፣ ግድግዳው እንዳይላጥ” ትላቸዋለች። ግድግዳው ምን ያደርግላታል? ማቀዝቀዣ የሌለው እርጎ ቤት ደግሞ አይከፈትም። ያን ጊዜ የራሴ ውርደት ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ ታየኝ። ቤቴ ገብቼ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ሳጅኑ ይህን መጻፍ አስፈላጊ አይደለም ብለውኛል፤ እኔ ግን ይጻፍልኝ ብያለሁ።

ዛሬ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ መጀመሪያ ለጽናት ደወልኩ፤ ለጣይባ ከመንገር እሱ ይቀላል ብዬ። ሁሉንም ነገርኳት። ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ “ሃሎ” ብል “አለሁ” አለች። ከዚያም “ስለዚህ አንድን ሰው ሃያ ሁለት ጊዜ መርምሬያለሁ” አለችኝ። ተቆጥታ ነበር፤ መብቷ ነው። አዲስ አበባ የምታቀርበው ነገር እንደሌላት፣ የወራት ሥራዋን ውኃ እንዳስበላሁባት ነገረችኝ። እኔም ይቅርታ ጠየቅኋት። ስልኩን ልትዘጋ ስትል ግን ድምጿ ተለወጠ። “ጋሼ፣ እንግዲህ ያ ጀርም በእርግጥ ያለው በእርስዎ ሆድ ውስጥ ነው። አሁን አልታመሙም። ግን አንድ ቀን ቢታመሙ የተለመዱት መድኃኒቶች አያድኑዎትም። ኪስዎ ያለውን ይጣሉ፤ ትኩሳት ቢነሣብዎ በቀጥታ ወደ ሐኪም ይሂዱ፣ ይህንንም ይንገሩ” አለችኝ። እሺ አልኳት። በጠቅላላው እድር በእውነት የተገኘበት ሰው እኔ ብቻ መሆኔን ያሰብኩት ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ነው። ጽናት ሲመሽ ሳይሆን ዛሬውኑ ከሰዓት በፊት መጥታ ለጣይባ ነጻ መሆን የምስክር ደብዳቤ እንደምትሰጥ ቃል ገብታለች። ከእያንዳንዱ አባልም እቤቱ ድረስ እየሄደች አዲስ ናሙና ትወስዳለች። ኪሴ የነበሩትን አምስት ካፕሱሎች ለሳጅን ሙንዚር አስረክቤያለሁ።

ከዚያ 2 ሰዓት ላይ ወደ ጣይባ ሄድኩ። ባዶው ሱቅ ውስጥ ማቀዝቀዣው የቆመበትን ቦታ ትጠርግ ነበር። ቁጭ በይ ብላት ቆማ ሰማችኝ። ሁሉንም ነገርኳት፤ ማንኪያውንም አልዘለልኩም። ትጮህብኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር። መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ አስደግፋ “አውቄዋለሁ” አለችኝ።

ከየት ብላት እንዲህ አለች፦ “እስከ አንድ ተኩል ከርስዎ ደጅ ተቀምጬ ነበርኮ። ከኔና ከእማማ ቡዜ ቆሎ ሌላ ባዶ ዕቃ እንጂ ምን ገባ? ሃያ ሁለት ሰው አንድ ዓይነት ነገር ተገኘበት ሲሉ ወላሂ ያኔውኑ ገባኝ።”

ታዲያ ለምን ለፖሊስ እንዳልተናገረች፣ ሱቋ ሲታሸግ፣ ስትያዝ፣ ማቀዝቀዣዋን ስትሸጥ ለምን ዝም እንዳለች ጠየቅኋት። “ሽማግሌ በሰው ፊት ላዋርድ? የኔ አባት ቢሆንስ? እርስዎ ራስዎ ይናገሩታል ብዬ ጠበቅሁ” አለችኝ። ከዚያ መጥረጊያዋን አንሥታ “አብሽሩ፣ ትንሽ ዘገዩ እንጂ መጥተዋል” አለችና ጠረጋዋን ቀጠለች። እኔም ከዚያው በቀጥታ ወደዚህ ጣቢያ መጣሁ።

በመሆኑም የእርጎ ቤቱ እገዳ ዛሬውኑ እንዲነሣ፣ ከእኔ በፊት ቃላቸውን የሰጡት ጎረቤቶቼ እኔን ለመሸፈን ብለው ያደረጉት ስለሆነ ቃላቸውን እንዲያርሙ ዕድል እንዲሰጣቸው፣ ቅጣት ካለም በእኔ ላይ እንዲሆን እጠይቃለሁ። ማቀዝቀዣውን ከገዛው ሰው የማስመለሱን ነገር ሳጅኑ የፖሊስ ሥራ አይደለም ስላሉኝ ራሴ እጨርሰዋለሁ። ይህ ቃሌ በመጪው እሑድ በእድሩ ስብሰባ ላይ፣ እኔም ጣይባም ባለንበት፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ድምፅ ከፍ ተደርጎ እንዲነበብ ራሴ ጠይቄያለሁ። ሳጅን ሙንዚር ሊያነቡት ተስማምተዋል፤ ሳይስቁ ለማንበብ ግን ቃል አልገቡም።

ከላይ የተጻፈው ሁሉ እኔ የተናገርኩት መሆኑን ተነብቦልኝ ሰምቻለሁ። ማንም አላስገደደኝም፣ ማንም አላባበለኝም። ሐሰት ሆኖ ቢገኝ በሕግ እንደምጠየቅ አውቃለሁ። የምፈርመው ስለ ራሴ ብቻ ነው፤ ስለ ሌላ ስለማንም አልፈረምኩም።

የምስክሩ ፊርማ፦ ምንይሉ ስማቸው
ቃሉን የተቀበለው ፊርማ፦ ሳጅን ሙንዚር ሀፊዝ
ቀን፦ የካቲት 10 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 5፡15